ለአንዱ ሥራ የሁለት ሰው ጉዞ፦ ከትዳር ጓደኛ ጋር ለጊዜው ውጭ አገር ስንሄድ ምን እናዘጋጅ?

መግቢያ

ባል ወይም ሚስት ውጭ አገር ሥራ ሲያገኙ ከዘመድም ከጎረቤትም መጀመሪያ የሚሰማው ቃል "እንኳን ደስ ያላችሁ" ነው። ቀጥሎ "መቼ ነው የምትሄዱት?" ይባላል። ሁለቱም ደግ ቃላት ናቸው። ነገር ግን በመካከላቸው መጠየቅ የነበረበት አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ይኸውም "ሥራው ያልተገኘለት ሰው ምን ይዞ ነው የሚሄደው? ሲመለስስ ወደ ምን ነው የሚመለሰው?" የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ዝግጅቱ ምን መምሰል እንዳለበት ማስረዳት ነው። በማታው ፕሮግራም አብረን ከምንማረው መካከል ብዙዎቻችን ሠራተኞችና ባለትዳሮች ስለሆንን፣ ነገሩ በሰው ኃይል አስተዳደር ኮርስ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ነገ በማንኛችንም ቤት ሊገባ ይችላል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ በባንክ ለስምንት ዓመት የሠራች ሴት አለች እንበል። ባለቤቷ ናይሮቢ በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሁለት ዓመት ኮንትራት አገኘ። አንድ ልጅ አላቸው። ናይሮቢን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ ብዙ ድርጅቶችም የምሥራቅ አፍሪካ ቢሯቸውን የከፈቱት እዚያው ነው። ከዚህም በላይ ቅርብ በመሆኗ "ናይሮቢ እኮ ጎረቤት ናት" እየተባለ ዝግጅቱ የሚናቅባት ከተማ ነች። ምሳሌው ላይ የምትከተለው ሚስት ብትሆንም ባል ሚስቱን ተከትሎ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ያኔ ደግሞ "ሚስቱን ተከትሎ ሄደ" የሚለው የሰው አፍ ተጨማሪ ሸክም ይሆንበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች "አብሮ ሄያጅ" ስል ሁለቱንም ማለቴ ነው።

የትምህርቱ ዓለም ምን ይላል?

ቤተሰብ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ማን ያተርፋል፣ ማን ይከስራል የሚለውን ከመረመሩት ኢኮኖሚስቶች አንዱ ጃኮብ ሚንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው ባጭሩ እንዲህ ነው። ቤተሰብ የሚዛወረው የሁለቱ ሰዎች ትርፍና ኪሳራ ተደምሮ ውጤቱ ትርፍ ሲሆን ነው። ድምሩ ትርፍ ሆኖ ግን ከሁለቱ አንዱ ለብቻው ሲታይ ከስሮ ሊሆን ይችላል። ባልየው ደመወዙ በጣም ቢጨምርና ሚስትየዋ ሥራዋን ብታጣ "ቤቱ አተረፈ" ይባላል፤ እሷ ግን ለብቻዋ ብትሆን ኖሮ አትሄድም ነበር። ሚንሰር እንዲህ ያለውን ሰው "ታስሮ የሚሄድ" ሲለው፣ መሄድ እየፈለገ ለቤተሰቡ ሲል የቀረውን ደግሞ "ታስሮ የሚቀር" ብሎታል።

ከማኔጅመንት በኩል ሮዛሊ ተንግ የተባለችው ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የጃፓን ድርጅቶችን ወደ ውጭ የላኳቸው ሠራተኞች ሥራው ሳይሳካላቸው የሚመለሱት ለምን እንደሆነ ጠይቃ ነበር። የአሜሪካ ድርጅቶች በመጀመሪያ ደረጃ ያስቀመጡት ምክንያት የትዳር ጓደኛው ከአዲሱ አገር ጋር መላመድ አለመቻል ነው። የሠራተኛው የሙያ ችሎታ ማነስ ከዚያ በታች ነው የመጣው።

ሁለቱን ጥናቶች ስናገናኛቸው የምናገኘው ነገር አለ። ተቀጣሪው ኮንትራት አለው፣ ቢሮ ይጠብቀዋል፣ አውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበለው ሰው አለ። አብሮ ሄያጁ ግን ማንም ምንም አላዘጋጀለትም። እንግዲህ በቤት ውስጥ የሚደረገው ዝግጅት ከእሱ ወይም ከእሷ ቢጀምር ሚዛኑ ትንሽ ይስተካከላል ማለት ነው።

እሺ ከማለት በፊት

የመጀመሪያው ዝግጅት ሻንጣ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ ነበር፤ የጋራ መኖሪያ ቦታ የሚመርጠውም እሱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ቀይሮ፣ ባልና ሚስት መኖሪያቸውን በስምምነት እንደሚወስኑ ደነገገ። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሕጉ በስምምነት ይላል እንጂ በኛ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ባልየው የቅጥር ደብዳቤው ላይ ፈርሞ ይመጣና "እንሄዳለን" ይላል። እሷም ደስታውን ላለማበላሸት ዝም ትላለች። ይህ ዝምታ እዚያ ከተደረሰ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ቅሬታ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ኮንትራቱ ከመፈረሙ በፊት ሁለቱም አብረው ሊያነቡት ይገባል። ቢያንስ እነዚህን ነገሮች ማየት ያስፈልጋል፦

1. የቤተሰብ የአውሮፕላን ቲኬት በዓመት ስንት ጊዜ ይከፈላል? ወይስ የሠራተኛው ብቻ ነው?
2. የሕክምና ዋስትናው ሚስትንና ልጆችን ይጨምራል ወይ? ወሊድንስ?
3. የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይሸፍናል?
4. የአብሮ ሄያጁን የመኖሪያ ፈቃድ የሚያስጨርሰው ድርጅቱ ነው ወይስ ራሳቸው?
5. ኮንትራቱ ከጊዜው በፊት ቢቋረጥ የመመለሻው ወጪ በማን ነው?

"ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" እንደሚባለው፣ እነዚህ ነገሮች ከፊርማ በፊት ሲጠየቁ ሊገኙ ይችላሉ። ከፊርማ በኋላ ግን ልመና ይሆናሉ።

ወረቀቱ፦ መግባት ሌላ፣ መኖር ሌላ፣ መሥራት ሌላ

በሁለቱ አገሮች መካከል ባለው የቆየ ስምምነት መሠረት ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። መግባት መቻል ማለት መኖር መቻል ማለት አይደለም። ተቀጣሪው በአሠሪው በኩል የሥራ ፈቃድ ያወጣል። የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ደግሞ በእሱ ስም "ዲፔንደንት ፓስ" የሚባለውን ያወጣሉ። ትርጉሙ ያው "የጥገኛ ፈቃድ" ነው፤ ስሙ ራሱ ነገሩን ይናገራል። በዚህ ፓስ መኖር ይቻላል፤ መቀጠር ግን አይቻልም። ለመሥራት የራስ የሆነ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት ገብቶ ለመማርም የተማሪ ፓስ አለ። ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ ዜጋ ደግሞ ተመዝግቦ የውጭ ዜጋ መታወቂያ ማውጣት ይኖርበታል። ሥራው በኤምባሲ ወይም በተባበሩት መንግሥታት ከሆነ መንገዱ በኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ስለሚሄድ ይለያል፤ ይህንን ከመሥሪያ ቤቱ መጠየቅ ነው።

ይህ የአገር ለአገር ልዩነት ትንሽ አይደለም። አሜሪካን ብንወስድ፣ በጄ-1 ቪዛ የሄደ ሰው የትዳር ጓደኛ (ጄ-2) የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። በኤች-1ቢ የሄደ ሰው የትዳር ጓደኛ (ኤች-4) ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የግሪን ካርድ ሂደታቸው የተወሰነ ደረጃ ላይ ለደረሰ ካልሆነ በቀር መሥራት አይፈቀድለትም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ቤተሰብ ለማምጣት የሠራተኛው ደመወዝ በወር ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃምና መኖሪያ ቤት መሆን አለበት። እንግዲህ አብሮ ሄያጁ "እዚያ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ" ብሎ ከማሰቡ በፊት የቪዛው ዓይነት ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ደንቦቹ የሚለዋወጡ ስለሆኑም ከኤምባሲው ወይም ከኢሚግሬሽኑ ማረጋገጥ ያሻል።

ፓሱን ለማውጣት የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን የተለየ ጣጣ አለብን። በኛ አገር ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች፤ የልጅ ሁለተኛ ስም ደግሞ የአባቱ የመጀመሪያ ስም ነው። ስለዚህ "የቤተሰብ ስም" በሚለው የውጭ ፎርም ላይ ሦስቱም ሰዎች የተለያየ ስም ይኖራቸዋል። ፎርሙን የሚያየው ሠራተኛ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። ዝምድናቸውን የሚያሳየው ያ ወረቀት ብቻ ነው። በሽምግልና ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ጋብቻቸውን በወሳኝ ኩነት ያላስመዘገቡ ብዙ ባለትዳሮች አሉ። እነሱ መጀመር ያለባቸው ከወረዳው ነው። ከዚያ በኋላ ተርጉሞ ማስረጋገጥና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማጸደቅ ይቀጥላል።

ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። አንዱ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በጋብቻ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሌላው የቀን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ በመስከረም 1 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የልደት ቀኑ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999 ነው። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የሚያስብ ተርጓሚ ግን አንድ ቀን ያሳስተዋል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት የሚመጣው አዲስ ዓመት የሚውለው በ12 ነው። በሁለት ወረቀት ላይ የአንድ ቀን ልዩነት ሲኖር የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባትም መረሳት የለበትም። ክትባቱ መሥራት የሚጀምረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው ሄዶ መወጋት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የምስክር ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ ቀድሞ የተወጋ ካርዱን ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ሥራና ትምህርትን እንዴት እንልቀቅ?

ወደ ባንክ ሠራተኛዋ እንመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ያለ ክፍያ ፈቃድን በተመለከተ ግን አዋጁ እንደ መብት የሚሰጠው ለከባድና ድንገተኛ ጉዳይ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። የሁለት ዓመት ፈቃድ የሚባል መብት በሕጉ የለም ማለት ነው። ነገር ግን በኅብረት ስምምነት ወይም በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ደንብ የተሻለ ነገር ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ማንበብ፣ ከዚያ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። መልሱ "አይቻልም" ቢሆንም ጥያቄዋ በፋይሏ ውስጥ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ስታመለክት በሰላምና በሥርዓት እንደለቀቀች ያሳያል።

ከመልቀቋ በፊት ማየት ያለባት ነገር ብድር ነው። በብዙ ባንኮች ሠራተኛ በዝቅተኛ ወለድ የቤት ወይም የመኪና ብድር ያገኛል። ሥራ ሲለቅ ግን ወለዱ ወደ መደበኛው ደንበኛ ሊዞር ወይም ቀሪው ዕዳ በአጭር ጊዜ እንዲከፈል ሊጠየቅ ይችላል። የባልየው የናይሮቢ ደመወዝ ትልቅ ቢመስልም ይህ ጭማሪ ወለድ ከሂሳቡ ውስጥ ካልገባ ትርፉ የታሰበውን ያህል አይሆንም።

ጡረታም አለ። ከደመወዟ በየወሩ 7 በመቶ እሷ፣ 11 በመቶ ደግሞ አሠሪዋ ያዋጣሉ። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። እሷ ስምንት ዓመት አላት፤ ሁለት ዓመት ጎድሏታል። ስለዚህ የጡረታ መለያ ቁጥሯንና መዋጮው የተከፈለበትን ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ክሊራንስ በእጇ ይዛ መውጣት አለባት። "በኋላ እልካለሁ፣ ዘመድ ያወጣልኛል" የሚባለው ነገር ምን ያህል ደጅ እንደሚያስጠና ሁላችንም እናውቃለን።

የማታ ተማሪ ከሆነች ደግሞ ለኛ ይበልጥ የሚቀርብ ነገር አለ። ሬጅስትራር ሳትሄድ ዝም ብላ ከጠፋች ትራንስክሪፕቷ ሊበላሽና እንደገና መግባቱ ሊከብዳት ይችላል። የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልታ፣ ማኅተም አስደርጋ፣ ቅጂውን ይዛ ብትወጣ ግን በሚፈቀደው ጊዜ ውስጥ ተመልሳ ካቆመችበት መቀጠል ትችላለች። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መሥራት የማይፈቀድበት ሁለት ዓመት ባዶ መሆን የለበትም። የሒሳብ ሰው ከሆነች በግሏ እያጠናች እንደ ኤሲሲኤ ያሉ ዓለም አቀፍ የሙያ ፈተናዎችን በደረጃ መፈተን ትችላለች። የርቀት ትምህርትም አለ። ዋናው ነገር ዕቅዱ ከመሄድ በፊት ተወስኖ የመማሪያውና የፈተናው ክፍያ በቤተሰቡ በጀት ውስጥ መግባቱ ነው። እዚያ ከተደረሰ በኋላ "እስቲ እናያለን" የተባለ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ሳይጀመር ይቀራል።

የገንዘብ ነገር

ይህን ጉዳይ ማንሣት በኛ ባህል ትንሽ ያሳፍራል። ስምንት ዓመት ሙሉ ደመወዟን በራሷ ስም የተቀበለች ሴት ናይሮቢ ገብታ በሁለተኛው ሳምንት ለሳሙናና ለታክሲ እጇን መዘርጋት ስትጀምር ግን ያለ ጥል ያለ ክርክር ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ይቀየራል። ባልየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ያልታሰበበት ስለሆነ ነው።

በሕጉ መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። የናይሮቢው ደመወዝም የሁለቱ ነው። ይህን በተግባር ለማዋል የሚበጀው ከመሄድ በፊት ሦስት ነገር መወሰን ነው። አንደኛ፣ ከደመወዙ ውስጥ በየወሩ ስንት በእሷ ሂሳብ ይገባል? ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ያለው የእሷ ሂሳብ ሳይዘጋ ስንት ይቆጠብበታል? ሦስተኛ፣ ለእናቷ ወይም ለታናናሾቿ በየወሩ ትልክ የነበረው ገንዘብ ማን ይቀጥልበታል? በተለይ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። እሷ ሥራ ስታቆም ያ ቤትም ገቢው ይቋረጣል።

ናይሮቢ ውስጥ አብዛኛው ግብይት በኤምፔሳ ነው። አገልግሎቱ እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ከጉሊት ነጋዴ እስከ ትምህርት ቤት ክፍያ ድረስ በስልክ ይከፈላል። ስለዚህ እሷ በፓስፖርቷ በራሷ ስም ሲም ካርድ አውጥታ የራሷ ኤምፔሳ ሊኖራት ይገባል። ለቤት ኪራይም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ወር ኪራይና ተጨማሪ ማስያዣ ስለሚጠየቅ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪመጣ የሚሆን ገንዘብ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

እዚህ የሚቀረው ቤት

ለጊዜው የሚሄድ ሰው ሁለት ቤት ነው የሚያስተዳድረው። የመጀመሪያው ጉዳይ ውክልና ነው። ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ነው፤ ለምሳሌ ማከራየትና ኪራይ መሰብሰብ። መሸጥ ወይም ማስያዝ የሚቻለው በውክልናው ላይ በግልጽ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ብቻ ለይቶ መስጠት ይሻላል። ቤቱ የጋራ ከሆነ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። አንዳንዱ ወካይ ጸሐፊው ያዘጋጀውን ሁሉ ሳያነብ ይፈርማል፤ ኋላ የሚመጣውን ጣጣ ፍርድ ቤት ያየ ያውቀዋል።

ዕቁብ ካለ አዲስ ዙር አለመጀመር፣ የተጀመረውን ጨርሶ ወይም የሚከፍል ሰው ተክቶ መሄድ ነው። ዕድር ግን መቋረጥ የለበትም። ወርሃዊ ክፍያው ትንሽ ነው፤ ሲቋረጥ የሚያስወጣው ግን የዓመታት አባልነትን ነው። ለዕድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊ መሄዱን ነግሮ ክፍያውንና ልቅሶ መድረሱን የሚሸፍን የቅርብ ሰው ማስመዝገብ ያስፈልጋል። አዛውንት ወላጅ ካለ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚወስደው፣ መድኃኒት የሚገዛው ማን እንደሆነ በስም መታወቅ አለበት። "ሁሉም ያያታል" የተባለች እናት ማንም ሳያያት ልትውል ትችላለች።

ልጆች

የኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን በመስከረም ይጀምራል። የኬንያው መደበኛ ሥርዓት ግን በጥር ወር አካባቢ (በጃንዋሪ) ጀምሮ ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር ላይ ያበቃል። ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር ይጀምራሉ። ልጁ መንፈቅ እንዳያባክን የጉዞው ቀን ከዚህ ጋር መገናዘብ አለበት። የሚያዋጣው ባልየው ቀድሞ ሄዶ ቤትና ትምህርት ቤት ካየ በኋላ ቤተሰቡ ቢከተል ነው የሚሉ አሉ፤ ለብዙ ቤተሰብ ይህ ይሠራል።

የሚመለስ ልጅ መሆኑም መረሳት የለበትም። ተመልሶ ሲመጣ አማርኛን ወይም የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ከክፍል ጓደኞቹ እኩል ማንበብና መጻፍ ይጠበቅበታል፤ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተናም ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከሻንጣው ውስጥ የክፍሉ የአማርኛና የሒሳብ መጻሕፍት ቢገቡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ቢመደብላቸው ሁለት ዓመት ብዙ አይጎዳውም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ለአዲስ አበባ ሰው አይከብድም። ወባ የሚያሰጋው እንደ ሞምባሳ ባሉ የባሕር ዳርቻዎችና በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ነው። መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህንን ለልጅ ደጋግሞ ማስተማር ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ የኛ ምጣድና ካውያ ያለ አዳፕተር አይገባም።

ለኛ ሰው ደስ የሚል ነገርም አለ። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። የግቢው ዘበኛ በስዋሂሊ "ሳአ ምቢሊ" ካለ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀጠሮ ላይ ግን ያው ሰዓት 8 ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱንም የለመደ ሰው ቀጠሮ አያመልጠውም። ስዋሂሊ ከእንግሊዝኛ ጋር የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ነው። ባልየው በቢሮው በእንግሊዝኛ ይውላል፤ ከገበያው፣ ከጎረቤቱና ከማታቱ ረዳቱ ጋር የምትውለው እሷ ስለሆነች ቋንቋው ይበልጥ የሚያስፈልጋት ለእሷ ነው። ከመሄድ በፊት የአንድ ወር ጥናት እንኳ ብዙ ይረዳል።

ስቨሬ ሊስጋርድ የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ አሜሪካ ሄደው ስለነበሩ ኖርዌያውያን ባሳተመው ጥናት መላመድን በ"ዩ" ፊደል ቅርጽ ገልጾታል። መጀመሪያ ደስታ አለ፣ መካከል ላይ መውረድ፣ ከዚያ መልሶ መውጣት። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቅርጹ ለሁሉም ሰው እንደማይሠራ ተከራክረዋል። ቢሆንም ለአብሮ ሄያጅ አንድ ጥቅም አለው። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ የሚመጣው መደበት የስንፍና ወይም የምስጋና ቢስነት ምልክት እንዳልሆነ ያሳያል። ባልየው በየቀኑ ከሰው ጋር ይሠራል፤ ቤት የምትውለው ግን ሰው ፈልጋ ማግኘት አለባት። ናይሮቢ የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ያለባት ከተማ ስለሆነች ከመሄድ በፊት አንድ ሁለት የሚደወልላቸው ሰዎች ስልክ መያዝ ከበርበሬና ከሽሮው እኩል አስፈላጊ ነው።

መመለስ የሚጀምረው ከመሄድ በፊት ነው

የሁለት ዓመት ኮንትራት ብዙ ጊዜ ይታደሳል። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱ ተማክረው ይወስናሉ። በሁለተኛው ጊዜ ግን እዚያው ስላሉ ማንም ሳይጠይቅ ይቀጥላል። የባንክ ሠራተኛዋ ሁለት ዓመት አራት ሲሆን ያላት የሥራ ልምድ ያረጃል፤ እሷ የምታውቀው ሲስተም ተቀይሮ፣ አብረዋት የተቀጠሩት ሥራ አስኪያጅ ሆነው ታገኛቸዋለች። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ሊስማሙበት የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ኮንትራቱ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ሁለቱም ተቀምጠው እንደ አዲስ ይወስናሉ። ያኔ የእሷ "አይሆንም" እንደ እሱ "አይሆንም" እኩል ይቆጠራል። ወይም ቀጣዩ ተራ የእሷ ይሆናል፤ እሷ ሥራ ስታገኝ እሱ ይከተላል።

ሲመለሱም ችግር እንደሚኖር ማወቅ ደግ ነው። ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 የ"ዩ"ውን ቅርጽ ወደ "ደብልዩ" ያሰፉት ወደ አገር መመለስም ራሱን የቻለ መውረድና መውጣት ስላለው ነው። አገሬ ነው ብሎ የመጣ ሰው የቤት ኪራዩ፣ ታክሲው፣ የጓደኞቹም ኑሮ ተቀይሮ ያገኘዋል። በሄዱበት ጊዜ ከቀድሞ አለቃና ከሥራ ባልደረቦች ጋር በዓል ሲደርስ እንኳን አደረሳችሁ እየተባባሉ መቆየት፣ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ መከታተል፣ የፈተና ውጤትን በየጊዜው ማስገባት የመመለሻውን መንገድ ክፍት ያደርገዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ከመካከላችሁ ይህ ዕድል ቤቱ የገባ ካለ አንድ ነገር ልጠቁም። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ። በአንዱ ተቀጣሪው ከዚህ ጉዞ የሚያገኘውን፣ በሌላው አብሮ ሄያጁ የሚያገኘውን ጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ጉዞው ይቅር ማለት አይደለም። ከመሳፈራችሁ በፊት ገና የሚሠራ ሥራ አለ ማለት ነው፤ ወረቀቱን የሚሞላው ግን ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ነው።